የወንድነት መርፌ ተወጋን፤ ድካሙስ የት ሄደ?

በዳንግላ ዙሪያ ያለ ገበሬ በሬው ቀንበር እንደ ተሸከመ ትልም መሀል ቢተኛበት «ይህ በሬ ወኔው ጠፍቷል» ብሎ መርፌ ፍለጋ አይሮጥም። መጀመሪያ አፉን ከፍቶ አልቅት ይፈልጋል። ጫንቃውን ዳብሶ የቀንበር ቁስል መኖር አለመኖሩን ያያል። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ያሰላል። «ትናንት ምን በላ? ውኃስ የት ጠጣ?» ብሎ እረኛውን ይጠይቃል። ስለ መድኃኒት የሚያስበው ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። ታዲያ ለበሬያችን የማንነፍገውን ምርመራ ለገዛ ራሳችን ስንነፍግ ምን ይባላል?

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «የወንድ ሆርሞን» የሚሉት ነገር ወሬው በርክቷል። ጠጉር ቤት ይወራል፤ አረቄ ቤት ይወራል። የእጅ ስልክ ሲከፈት «ድካም አለብዎ? ይነጫነጫሉ? አልጋ ላይ ሰንፈዋል? ወንድነትዎ ቀንሷል!» የሚል ደላላ ብቅ ይላል። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድም «እኛ ጋ እኮ ስንቱ ይወጋዋል» ብሎ ይጨምርበታል። ሰዋችን ደግሞ መርፌ ይወዳል። ክኒን የሰጠውን ሐኪም «ምንም አላደረገልኝም» ብሎ ያማል፤ የወጋውን ይመርቃል። ለዚህ ሰው «በየሦስት ሳምንቱ አንዴ ተወግተህ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ትሆናለህ» ቢሉት ጥጃውን ሸጦ ቢመጣ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ተወግተው ተወግተው «ኧረ ምንም አልተሻለኝም» የሚሉ ወንዶች በዓለም ዙሪያ ሞልተዋል። ለምን? አልታደሉም? መድኃኒቱ ተመሳስሎ የተሠራ ነው? ወይስ ከመጀመሪያውም ያመማቸው ሌላ ነበር? ብዙውን ጊዜ መልሱ ይህ ሦስተኛው ነው። ይህን ሳናውቅ የምናወጣው ገንዘብና የምናባክነው ጊዜ ደግሞ ቀላል አይደለም። እንዲያውም ልጅ ለሚፈልግ ሰው ከገንዘብም የከፋ ዕዳ አለበት።

ኮርማና ሰንጋ

ቴስቶስቴሮን የሚባለውን ቅመም ስሙን ባናውቀውም ሥራውን ድሮ እናውቀዋለን። ወይፈን ሲቀጠቀጥ ሰንጋ ይሆናል፤ አውራ በግ ሲቀጠቀጥ ሙክት ይሆናል። ኮርማው ይዋጋል፣ አጥር ይሰብራል። ሰንጋው ይረጋል፣ ይሰባል። ልዩነቱን ያመጣው ከቆለጥ የሚመነጨው ቅመም ነው። በሰውም ዘንድ ጢም የሚያበቅለው፣ ድምፅ የሚያጎረንነው፣ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክረው፣ የወሲብ ፍላጎት የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ተረት ነው የሚል የለም።

ፈረንጆቹም በዚህ ነገር የተታለሉበት ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1889 ብራውን ሴካር የተባለ የ72 ዓመት ስመ ጥር ሐኪም የውሻና የጊኒ ፒግ ቆለጥ ወቅጦ፣ ጭማቂውን ራሱን ወጋና ፓሪስ ላይ በሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ተነሥቶ «ጉልበቴ ተመለሰ፤ ወጣት ሆንኩ» አለ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ብዙ ሐኪሞች ተከትለውት ወጉ፤ ብዙ በሽተኞችም «ተሻለን» አሉ። ኋላ የተገኘው ግን ሌላ ነው። ቅመሙ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ስላልሆነ ሐኪሙ በተወጋው ጭማቂ ውስጥ ከቁም ነገር የሚገባ ሆርሞን አልነበረም። ሽማግሌውን ያበረታው መርፌው ሳይሆን ተስፋው ነበር። ትክክለኛው ቅመም ከኮርማ ቆለጥ ተጣርቶ የወጣው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1935 አምስተርዳም ላይ ነው። በላቦራቶሪ በመሥራቱ ረገድ የደከሙት ቡተናንትና ሩዚችካም በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

እንግዲህ ከብራውን ሴካር የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሰው ተወግቶ በመጀመሪያው ሳምንት «በረታሁ» ቢል መድኃኒቱ ሠራ ማለት ላይሆን ይችላል። ተስፋ በራሱ ጥቂት ጊዜ ያበረታል። ችግሩ ተስፋው ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ድካሙ እንደ ቀድሞው ቁጭ ብሎ ይገኛል።

አሜሪካኖቹ ሞክረው ያዩት

አሜሪካ ውስጥ «ዝቅተኛ ቴስቶስቴሮን» የሚል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ተለቆ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆኑ ወንዶች መካከል ሆርሞኑን የሚወስዱት ሦስት እጥፍ ያህል ጨመሩ። ከዚህ በኋላ ነው «እስቲ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ?» ተብሎ በደንብ የተፈተነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጠዋት በተወሰደ ደም ሆርሞናቸው በዴሲ ሊትር ከ275 ናኖ ግራም በታች የሆነ 790 ወንዶች ተመረጡ። ገሚሶቹ ሆርሞን ያለበት ቅባት፣ ገሚሶቹ ምንም የሌለበት ተመሳሳይ ቅባት ለአንድ ዓመት ተቀቡ። ማን የትኛውን እንደ ተቀባ ሐኪሙም በሽተኛውም አያውቅም።

ውጤቱ በ2016 ወጣ። የወሲብ ፍላጎትና ችሎታ በመጠኑ ተሻሻለ። ስሜት ላይ የታየው ለውጥ ትንሽ ነበር። «ድካሜን ይገፍልኛል» ተብሎ በተጠበቀው ላይ ግን፣ ልብ በሉ፣ ሆርሞን የተቀቡት ምንም ካልተቀቡት ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳዩም። እነዚህ እንግዲህ ሆርሞናቸው በእርግጥ ዝቅ ያለ ሰዎች ናቸው። ሆርሞኑ ሙሉ የሆነው፣ ዝም ብሎ የደከመው ሰው ምን ሊያገኝ ነው? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. አምራቾቹን «ሰው ስላረጀ ብቻ የሚሰጥ እንዳልሆነ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ጻፉ» ብሎ አዟቸዋል። እዚያ ልጓም ሲገባበት እዚህ ወሬው መሞቁ ነው የሚያስገርመው።

የውኃ አባትና ጀሪካን

ታዲያ መርፌው ለምን አይሠራም? ይህን ለዳንግላ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች የውኃ አባት አላቸው። የማን ማሳ ጠጣ፣ የማን ደረቀ ብሎ አይቶ ቦይ የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነው። በሰውነታችንም ውስጥ የውኃ አባት አለ። አንጎልና ከሥሩ ያለችው ፒቱታሪ የምትባል እጢ ደሙ ውስጥ ያለውን ሆርሞን እያዩ ቆለጥን «ጨምር» ወይም «ይበቃል» ይሉታል።

አሁን አንድ ሰው ማሳው ሳይደርቅ ከውጭ በጀሪካን ውኃ እያመጣ ያፈስበት እንበል። የውኃ አባቱ መጥቶ ያያል። «ይህስ ጠጥቷል» ብሎ ቦዩን ይዘጋል። በመጨረሻ ማሳው ያገኘው ውኃ ያው የበፊቱን ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ በፊት በነጻ ይፈስለት የነበረውን አሁን በገንዘቡ ይገዛል። መርፌውም እንዲሁ ነው። ከውጭ ሲገባ ቆለጥ ሥራ ይፈታል፤ እየዋለ ሲያድርም ይኮሰምናል። ሰውየው ምንም ሳይጨመርለት የመርፌ ጥገኛ ሆኖ ቁጭ! «ልተወው» ሲል ደግሞ ቦዩ ወዲያው አይከፈትም። ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በእነዚያ ወራት ከቀድሞው ይበልጥ ይደክማል። ያን ጊዜ «አያችሁ፣ መርፌው ሲቀር ወደቅኩ» ብሎ ይመለስበታል። ደላላው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከመርፌው ጠባይ ይመጣል። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ የሚወጉት ዓይነቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆርሞኑን ከልክ በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ቀጣዩ መርፌ ሲቃረብ ደግሞ ከልክ በታች ይወርዳል። ስሜትም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ሰውየው አንድ ሰሞን ይቆጣል፣ ሌላ ሰሞን ይተክዛል። ቤተሰቡ «ምን ነካው?» ይላል። ከሆርሞኑም ከፊሉ በሰውነት ስብ ውስጥ ወደ ሴት ሆርሞን ይለወጣል፤ ጡቱ የሚያብጥበት ወንድ አለ። ደም ከልክ በላይ ይወፍራል። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰው ይብስበታል፤ ሌሊቱን ሲታፈን ያደረ ሰው ጠዋት ምን ብርታት ይኖረዋል? በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመውና ከ5,200 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱ የልብ ድካምና የአንጎል ምት እንዳላበዛ አሳይቷል፤ ይህ ደግ ዜና ነው። ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ የኩላሊት ጉዳትና ወደ ሳንባ የሚሄድ የረጋ ደም በሆርሞን ወሳጆቹ ላይ በዝቶ ታይቷል። ስለዚህ «ቫይታሚን በለው» የሚለው አነጋገር ቅጥፈት ነው።

ሦስተኛው ትዕግሥት ማጣት ነው። በእርግጥ ሆርሞን የጎደለው ሰው እንኳ የወሲብ ፍላጎቱ ሲነሣ የሚያየው ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው። ስሜት ወራት ይፈልጋል፤ አጥንት ከዓመት በላይ ይፈልጋል። በሳምንቱ «ምነው?» የሚል ሰው ሁለተኛ መርፌ ይደርባል፤ መድኃኒቱን ሳይሆን ጉዳቱን ያበዛል።

ልጅ የሚፈልገው አባወራ

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አንድ ሰው አገባ፤ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ልጅ የለም። አማች ያጉረመርማል፣ ጎረቤት ያሽሟጥጣል። ጥፋቱ እንደ ልማዳችን መጀመሪያ በሚስት ላይ ይወድቃል። ሰውየው በስውር ይሰማና «ወንድነቴን ላጠንክር» ብሎ መርፌውን ይወጋል። ምስኪን! የገዛው እኮ የወሊድ መከላከያ ነው።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰባት አገሮች 271 ጤነኛ ወንዶችን በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ቴስቶስቴሮን እያስወጋ የሞከረው ለወንድ መከላከያ እንዲሆን ብሎ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚለው ከመቶ 65 የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ ከዘር ፈሳሻቸው አንድ እንኳ ሕያው ዘር አልተገኘም። የውኃ አባቱ ቦዩን ሲዘጋ የሚደርቀው ሆርሞኑ ብቻ አይደለም፤ ዘሩም አብሮ ይደርቃል። ከተዉት አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። እስከዚያው ስንት ትዳር ይፈርሳል? ስንቷ ሴት «መካን» ተብላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች? ልጅ የሚፈልግ ወንድ ይህን መርፌ አይወጋ፤ የዘር ፈሳሹን ያስመርምር። ይህን በትልቁ ጻፉልኝ!

ድካማችን ከየት መጣ?

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላል ያገሬ ሰው። ድካም፣ ትካዜ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የአልጋ ላይ ስንፈት የአንድ በሽታ ምልክቶች አይደሉም፤ የሃያ በሽታ ምልክቶች ናቸው። የስኳር በሽታ ያደክማል፤ የብልትን ደም ሥርና ነርቭም ይጎዳል። የደም ግፊትም እንዲሁ። የደም ማነስ ያደክማል። እንቅርት ለደጋው አገራችን ባዳ አይደለም፤ የታይሮይድ እጢ ሲደክም ሰውም አብሮ ይደክማል። ሳንባ ነቀርሳ አለ፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ አለ። አረቄው አለ፤ አልኮል ሆርሞኑን ራሱን ይቀንሳል። ለሕመም እየተባለ የሚዋጠው ትራማዶልም የዚያው ዘመድ ነው። እነዚህ ሳይነኩ የሆርሞን መርፌ መውጋት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ደግሞም አንዳንዴ ሆርሞኑ ዝቅ ብሎ ይገኝና ሐኪሙም በሽተኛውም «ይኸው!» ይላሉ። ዝቅ ማለቱ ግን የበሽታው ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል። የታመመ፣ የተራበ፣ ያልተኛ ሰው ሆርሞኑ ይወርዳል። ቺካጎ ላይ ጤነኛ ጎረምሶችን ለአንድ ሳምንት ብቻ በቀን አምስት ሰዓት እያስተኙ ቢያዩ የቀን ሆርሞናቸው ከመቶ 10 እስከ 15 ቀንሶ ተገኘ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ የዚህ አገር ሰው ስንት ሌሊት በሰላም ተኝቷል? ተኩስ የሰማ፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ልጁ ከትምህርት የቀረበት፣ ወንድሙ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ቢደክመው ምን ይገርማል? ቢተክዝስ? ከሚስቱ ጎን ተኝቶ ልቡ ከበር ውጪ ቢሆን ይህ የወንድነት ጉድለት ነው? ይህ የሰውነት ምልክት ነው እንጂ! ለዚህ የሚሆን መርፌ ማንም አልሠራም።

ትካዜው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ድብርት የሚባል በሽታ ነው፤ መድኃኒትና ምክር አለው። ነገር ግን ወንድ ልጅ «አእምሮዬን አመመኝ» ቢል ያፍራል። «ሆርሞኔ አንሷል» ማለት ይቀለዋል፤ ዘመናዊም ይመስላል። ሁለቱም ከሚያሳፍሩት ደግሞ ዝም ይላል፣ ይጠጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ነው።

እርግጥ ነው፣ መርፌው የግድ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ጎልምሶ በያዘው ጆሮ ደግፍ ቆለጡ የተጎዳ፣ በሥጋ ደዌ የተጎዳ፣ ሲወለድ ጀምሮ ቆለጡ ያላደገ፣ ፒቱታሪው ላይ እጢ የበቀለበት ሰው አለ። ለእነዚህ መድኃኒቱ መብታቸው ነው፤ መከልከል ግፍ ነው። እነርሱም ቢሆኑ የሚለዩት በምርመራ እንጂ በጠጉር ቤት ወሬ አይደለም። ደንቡም የታወቀ ነው። ምልክቱ ይታያል፤ ደም ጠዋት በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል፤ ሁለቴ ዝቅ ካለ «ለምን?» ተብሎ ምክንያቱ ይፈለጋል። ከሰዓት በኋላ አንዴ በተቀዳ ደም የተጀመረ መርፌ ሕክምና ሳይሆን ንግድ ነው።

የሚመለከታቸውስ ክፍሎች?

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚባል ሕግም አለን። ወረቀት ላይ ሁሉ አለን! ማዘዣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ያለ ማዘዣ ሲሸጥ፣ በእጅ ስልክ ሲለፈፍ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሕዝቡ ወደ ደላላ የሚሄደውም ስለሚወደው አይደለም። የሆርሞን ምርመራ በየወረዳው ጤና ጣቢያ የሚገኝ ነገር አይደለም። የዳንግላ ሰው ለዚህ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ ባሕር ዳር ሊወርድ ነው፤ እርሱም መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ባገኘ ቀን። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ የት እንደ ደረሰ ኪሳችን ያውቃል። የአእምሮ ሕክምናውማ ሲነሣ ያሳፍራል። ለብዙ ዘመን ይህ ሁሉ ሕዝብ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል አንድ ብቻ ነበር። ጦርነት ያሳለፈ ሕዝብ «ደከመኝ» ሲል የሚሰማው ሐኪም ካላገኘ መርፌ የያዘ ነጋዴ ያገኘዋል።

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። ተቆጣጣሪው ይቆጣጠር። በየወረዳው ሆስፒታል ለደከመ ወንድ ቢያንስ የስኳር፣ የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የታይሮይድ ምርመራ አይጥፋ፤ «እንቅልፍህስ? ሐሳብህስ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ይመደብ። ከሁሉም በላይ ሰው በቤቱ የሚተኛበት ሰላም ይምጣ፤ ይህን የሚተካ ፋርማሲ የለም።

እናንተም ወንድሞቼ፣ መርፌውን ከመወጋታችሁ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁት። ደሜ ስንት ጊዜ ታየ? የወረደውስ በምን ምክንያት ነው? ልጅ ብፈልግስ? መልስ ከሌለው ክንዳችሁን አትስጡት። እናንተም እኅቶቼ፣ ባላችሁ ቢደክም «ወንድ አይደለህም» አትበሉት፤ «ተነሥ፣ አብረን ሐኪም ቤት እንሂድ» በሉት። ቸር ያሰማን።